በመሃል ዝም የሚል ላፕቶፕ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ከበድሩ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ላፕቶፕ እንጠግናለን» ተብሎ ተጽፏል። እንጠግናለን ይበል እንጂ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ብሩክታይት ትባላለች፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው።

ብሩክታይት አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ረዳት ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ኮሌጁ ሲዘጋ አንድ ካርቶን ካቻቪቴና የሊኑክስ ዕውቀቷን ይዛ ወጣች። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ላፕቶፕን የሚያስነሳና የሚያዝ ሥርዓት ነው። በነጻ ይገኛል፤ ያረጀ ማሽንም አይንቅም። ነገር ግን አመል አለው። ከአንዱ ላፕቶፕ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይስማማል። በሌላው ላይ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ወይ ድምፁ ይዘጋል፣ ወይ ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብሩክታይት በእጇ ያለፈውን ላፕቶፕ ሁሉ በደብተር ትጽፋለች፤ ሞዴሉን፣ የተስማማውን፣ እምቢ ያለውን፣ እንዴት እንደተመለሰም። ሦስት ደብተር ሞልታለች። ደብተሩን አንብቦ «ይሄንንስ እንዴት አወቅሽው?» የሚላት ሰው ግን በከተማው አልነበረም። ሌሎቹ ጠጋኞች የቸገራቸውን ማሽን በሰው ይልኩላታል፤ ሲያልቅም በሰው ያስወስዳሉ።

ቤቷ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ወንድሟ ጦና ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ እሁድ እሁድ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ከጀርባው ሁልጊዜ የደንበኛ ድምፅ ስለሚሰማ ቶሎ ያልቃል። በቤተ ክርስቲያን ሁሉም ያውቃታል። «ሰላም ነው?» ይሏታል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ ያልፋሉ። አንዳንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ የተናገረችው ቢቆጠር ከላፕቶፕ ውጭ ያለው አሥር ዓረፍተ ነገር አይሞላም ነበር። ይህን ለማንም አላማረረችም። የሚያማርሩለት ሰው ሲኖር ነው ሰው የሚያማርረው።

ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በዓል በኋላ፣ በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የበድሩ ሚስት አዚዛ አንድ ሰው በክንዱ ይዛ መጣች።

«ብሩኬ፣ እንግዳ አመጣሁልሽ። እኛ መደብር ገብቶ ላፕቶፕ ጠጋኟን ሲጠይቅ ነበር» ብላ አስቀምጣው ተመለሰች።

ሰውዬው ነጭ ዘንጉን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላት። «ለማ እባላለሁ። በዴሳ በምትባለው ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ዓይኔን ገና በልጅነቴ ኩፍኝ ወሰደው፤ ስለዚህ ዕቃውን ራስሽ ከቦርሳው አውጪው። ዚፑ ይቸግራል።»

ላፕቶፑ ትንሽና ቀላል ነበር። በሰው እጅ የኖረ መሆኑን ጠርዙ ይናገራል። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች አዋጥተው የገዙለት ነው። የተጫነበት ዊንዶውስ ለማሽኑ አቅም ከብዶት፣ አንድ ፋይል እስኪከፈት አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል አላት።

«ሊኑክስ ልጭንልዎት?» አለች። «ኦርካ የሚባል ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። አማርኛም ያነባል። ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮም ቢሆን ይናገር። ደግሞ አንተ በይኝ፤ ሽማግሌ አታድርጊኝ።»

ያን ቀን ሦስት ሰዓት አብረው ዋሉ። መጀመሪያ ዋይፋዩ አልታወቀም፤ ስልኳን በገመድ ሰክታ የጎደለውን ፋይል አወረደች። ቀጥሎ ማውስን የሚተካው ታችፓድ በጣት ሲነካ አልሰማ አለ። ስትነግረው ሳቀ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ለኪቦርዱ ጸልዪለት!» በመጨረሻ ኦርካን አስነስታ አንድ የአማርኛ ገጽ ከፈተች። የቆርቆሮው ድምፅ እየተንገጫገጨ አነበበ። ለማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና፣

«ይሄ ሰውዬ አማርኛን እንደ እኛው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው» አለ።

ብሩክታይት ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ያነባል፣ ያነባል፣ በመሃል ዝም ይላል» አላት። «እናንተ የምታዩት ስክሪኑ መቆሙን ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዝም ሲል እየጠበቀኝ ይሁን ሞቶ ይሁን አላውቅም። አንዳንዴ ቁልፉን የሳትኩ እየመሰለኝ እንደገና እጀምራለሁ። ማክሰኞ ዕለት አርባ ደቂቃ ሙሉ ጽፌ አንድ ቃል አልተቀመጠም።»

ችግሩ የሚያስቸግር ዓይነት ነበር፤ ሲፈልግ በአሥር ደቂቃ ይመጣል፣ ሲፈልግ በአራት ሰዓት። ማሽኑ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ማጥፊያውን ተጭኖ ከማቆየት በቀር መላ የለውም። ብሩክታይት ሜሞሪውን ፈተነች፣ ደህና ነው። ሙቀቱን ለካች፣ ደህና ነው። ዲስኩን መረመረች፣ ምንም የለበትም። ማሽኑ ደህና፣ ሊኑክሱ ደህና፤ ሁለቱ ግን አልተግባቡም። ላፕቶፑ እሷ ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙ። ለማ በሥራ ቀን ስለሚያስተምር ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ይመጣል፤ ራሱ እየጻፈበት ይፈትኑታል።

እንዲህ ሆኖ ጥበቃ ተጀመረ። ለማ ይጽፋል፣ ድምፁ ያነብለታል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሰዓት ትመዘግባለች። ጣቱ ሲያርፍ ወሬ ይመጣል። ስለ ሚስቱ ስለ ፋንታዬ አወራላት፤ የእህል ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሰው ፊት አትናገርም፣ ቤት ውስጥ ግን እሱን መናገሪያ ታሳጣዋለች። ስለ ልጁ አወራላት፤ ስትራመድ አባቷን ከማንም በላይ መምራት የምታውቅ፣ ድንጋይ ሲኖር በእጁ ላይ በጣቷ ሁለት ጊዜ የምትነካው። ብሩክታይትም ሳታስበው ስለ እናቷ አወራች። እናቷ በመጨረሻው ዓመት ስሟን እየረሳች «አንቺ ጎረቤት» ትላት እንደነበር ተናገረች። ይህን ለወንድሟ ለጦና እንኳ ነግራ አታውቅም።

ለማ፣ «ጎረቤትስ ብትሆኚ፣ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አላት።

በዚያው ቅጽበት ማሽኑ ደረቀ። «ሞተ?» አለ ለማ። «ሞተ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ቅዳሜ እንዲህ ሆነላት። ዓርብ ዕለት ክፍሏን ትጠርጋለች፣ ወንበሩን ትወለውላለች። ጠዋት ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ በሳሕን ሸፍና ታመጣለች፤ ዳታ የሚሉትን የቃሪያ ማባያ ለብቻ፤ ለማ በቃሪያው ብዛት ያልቀለደበት ቀን የለም። አዚዛ አንድ ቀን በበሩ ብቅ ብላ፣ «ብሩኬ፣ ፊትሽ ተመለሰ እኮ» አለቻት። ብሩክታይት ኬብል መጠቅለል ጀመረች።

በጥበቃው ሦስተኛ ቅዳሜ ለማ አንድ ነገር ነገራት። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሊያመለክት አስቧል። ማመልከቻው ከአሥር ገጽ የጥናት ዕቅድ ጋር እስከ ኅዳር አጋማሽ መግባት አለበት። «በሰው እጅ ሳይሆን በራሴ እጅ ልጽፈው ነው የምፈልገው» አላት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሐሳቤን ለሰው ስነግር እነሱ እንደ መሰላቸው ነው የሚጽፉት።»

ብሩክታይት በዚያ ሳምንት የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በሚጠያየቁበት አንድ የእንግሊዝኛ መድረክ ላይ የማሽኑን ዝርዝር ሁሉ አስቀምጣ ጠየቀች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መልስ አገኘች። መላሹ ስም የለውም፤ ሦስት ፊደልና ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ የዚህ ማሽን አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ይተኛል፤ ሊኑክስ ግን በጣም ጥልቅ ወደሆነው እንቅልፍ ሲያስገባው አንዳንዴ መንቃት ያቅተዋል። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነባቸው ትእዛዞች ላይ አንዲት መስመር ጨምሪ፤ በጥልቁ እንዳይተኛ ከልክዪው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል እንጂ መድረቁ ይቆማል።

መስመሯን ጨመረች። ማሽኑን አስነስታ ድምፁን ለቀቀችው። ረቡዕ አልደረቀም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አልደረቀም። ዓርብም እንዲሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያላለ ላፕቶፕ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያነበንብ ዋለ። ብሩክታይት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ያወቀችውን ነገር በደብተሯ ጻፈች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ወንበር አየች።

ቅዳሜ ለማ ሲመጣ፣ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ፣ ግን ገና አልተረጋገጠም» አለችው። «አንድ ሳምንት ልፈትነው።»

ይህ ግማሹ እውነት ነበር። በዘፈቀደ የሚመጣ ብልሽት በሦስት ቀን ተፈወሰ አይባልም። ግማሹ ግን ሌላ ነበር። ያንን ግማሽ ራሷም በደንብ ታውቀዋለች።

የፈተናው ሳምንት አለፈ፤ ማሽኑ አንድም ቀን አልደረቀም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ለማ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ብሩክታይት ፋይሉን ከፈተችና መስመሯን አጠፋቻት። ለአንድ አፍታም አላመነታችም። በኋላ ያስደነገጣት ይኸው ነበር። ለማ መጣ፣ ቦይናውን በላ፣ መጻፍ ጀመረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፁ በአንድ ቃል መሃል ቀጥ አለ።

«ሞተ?» አለ ለማ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«ሞተ።»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ፊቱን አሻሸ። «እኔ ነኝ መሰለኝ እኮ። የሆነ ቁልፍ የምነካ ይመስለኛል።»

«አንተ አይደለህም» አለች። «እውነቴን ነው፣ አንተ አይደለህም።»

«እንግዲህ ለሳምንት» ብሎ ተነሣ። እሷም መስመሯን መልሳ ሳትጽፍ ቤቷ ገባች። እሁድ በጸሎት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከውስጧ የሚወጣ ቃል አጣች። የጦና መልእክት መጣ፤ «እንዴት ነሽ እህቴ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ብላ መለሰች። ሰኞ ስልኳን አንስታ የለማን ስም ፈለገች። ምን ትለዋለች? «ተሠራ» ብትለው መጥቶ ይወስደዋል፤ ደግሞም ያለፈው ቅዳሜ ለምን እንደደረቀ መጠየቁ አይቀርም። ስልኩን አስቀመጠች። ማክሰኞም አነሳች፣ አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለማ ከወትሮው ዘግይቶ መጣ። ዝናብ መቶት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን አልጠየቀም።

«ማመልከቻውን አስገባሁት» አላት። «ቀኑ ሊያልፍ ሲል ትምህርት ቤት የምትተይብልንን ልጅ በቃሌ እየነገርኳት አስጻፍኳት። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ሥራ ስለበዛባት እየቸኮለች ነበር። ትናንት ደወሉልኝ። ሁለት ገጽ ጎድሏል፤ ከጎደለው አንዱ ዋናው ነው። መልሼ ማየት አልችልም፤ አምኜ ነው የፈረምኩት። ለዘንድሮ አልተቀበሉኝም።»

ብሩክታይት ቆመች። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«መምህር» አለች፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ጠርታው አታውቅም። «ላፕቶፑ ተሠርቷል።»

«መቼ?»

«ከተሠራ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው።»

ለማ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «ያለፈው ቅዳሜ ደርቋል እኮ። እዚሁ ተቀምጬ።»

«ያስተካከልኩበትን መስመር ያን ዕለት ጠዋት አጠፋሁት። እንዲደርቅ ብዬ።»

ሌላ ሰበብ አልጨመረችም።

«ለምን?» አለ ለማ።

«ከተሠራ አትመጣም ብዬ ነው።»

ለማ ዘንጉን ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈው። ሲናገር ድምፁ አልጨመረም። «እህቴ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የሚነግረኝን አምኜ ነው የምራመደው። ፊቴ ገደል ነው ካሉኝ እቆማለሁ፣ ሜዳ ነው ካሉኝ እሄዳለሁ። አንቺንም እንደዚያው ነበር ያመንኩሽ። ደግሞ ብትጠይቂኝ ኖሮ እመጣ ነበር። ላፕቶፕ ባይኖርም እመጣ ነበር።»

መስመሯን እሱ ፊት መልሳ ጻፈች፤ እያንዳንዷን ፊደል ጮክ ብላ እየተናገረች፣ ወደፊት ሌላ ሰው ቢነካካበት ራሱ እንዲያውቀው። ለማ ሁለት ጊዜ በቃሉ ደገመው። ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ራሱ ከተተ፤ ዚፑ ሲያስቸግረው ልትረዳው እጇን ዘረጋችና ተወችው። እስከ ባጃጁ ልሸኝህ ስትለው፣ «አዚዛን ጥሪልኝ» አለ። አዚዛ መጥታ በክንዱ ይዛው ወጣች። ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማ ባጃጁ በጭቃው ላይ ተጠማዞ እስኪጠፋ አየችው።

ከዚያ በኋላ ኅዳር አለፈ፤ ገናም አለፈ። ለማ አልደወለም፤ እሷም ለመደወል ፊት አጣች። ቅዳሜ ክፍሏን ዘግታ መቅረት ጀመረች፤ ጎረቤቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ያላት መሰላቸው። በመድረኩ ላይ ግን ያንን የሦስት ፊደል ሰው አመስግና የማሽኑን ሞዴል፣ መስመሯንና ስንት ቀን እንደፈተነችው ጽፋ ለሌላው እንዲጠቅም አስቀመጠች። «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ስትጽፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

አዚዛ አንድ ቀን፣ «ያ መምህር ምነው ጠፋ?» ብላ ጠየቀቻት።

ብሩክታይት መዋሸት ሰልችቷት ነበር። «በደልኩት» አለች፤ ሁሉንም ነገረቻት። አዚዛ አልፈረደችባትም፣ አላጽናናቻትምም። «እኔ በግድግዳ ማዶ አለሁ እኮ» አለቻት ብቻ፤ «አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ አታውቂም።» ደንበኛ ጠራትና ሄደች።

በየካቲት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳቢራ የምትባል ወጣት መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ነጭ ዘንግ ይዛለች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ላፕቶፕ ያው ሞዴል ነበር፤ ቀለሙ ብቻ ይለያል።

«መምህር ለማ ነው የላከኝ» አለች። «የዓይነ ስውራን ስብሰባ ላይ ተገናኝተን የእኔም በመሃል ዝም ይላል ስለው፣ ሶዶ አንዲት ሴት አለች፣ መፍትሔውን የምታውቀው እሷ ናት አለኝ።»

«ሌላስ ምን አለሽ?»

ሳቢራ አመነታች። «እንደጨረሰች ወዲያው ትነግርሻለች አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

ብሩክታይት ላፕቶፑን ተቀበለች። ሊኑክሱን ጫነች፣ የዋይፋዩን ፋይል ጨመረች፣ ኦርካን አስተካከለች፣ መስመሯን ጻፈች። ሳቢራን አጠገቧ አስቀምጣ እያንዳንዱን ነገር ስታደርግ እየነገረቻት ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት።

«ተሠርቷል» አለቻት። «ማረጋገጥ ብትፈልጊ ራስሽ ጋ አስነስተሽ አቆዪው። ቢደርቅ ደውዪልኝ፤ አይደርቅም ግን።»

ልጅቷ አመስግና ስትነሣ ብሩክታይት በሩ ላይ ጠራቻት። የምትለው ነገር ከአፏ እስኪወጣ ከበዳት። «ሳቢራ፣ ላፕቶፑ ባይበላሽም ነይ። ብቻዬን ነው የምሠራው። ወሬ እወዳለሁ።»

«እሺ» አለች ሳቢራ በትሕትና። «አሁን ፈተና ላይ ነን፤ እመጣለሁ ግን።» ዘንጓን እያንኳኳች ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ብሩክታይት ስልኳን አንስታ ሳታስቀምጠው ደወለች። ለማ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ።

«ሳቢራ መጣች» አለችው። «ጨርሼ ሰጥቻታለሁ። አሁን ወጣች።»

«ደህና አደረግሽ።»

«የአንተስ?»

«እስካሁን አልደረቀም። ለከርሞው ዕቅዱን እየጻፍኩ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ የልጅ ሳቅና የሴት ድምፅ ተሰማት፤ ፋንታዬ መሆን አለባት።

«ለማ» አለች፣ «ሶዶ ስትመጣ አንድ ቀን ጎራ በል። ከቤተሰብህ ጋር። ምንም የሚሠራ ነገር የለም፤ እንዲሁ ነው የምጠይቅህ።»

«አሁን አይሆንልኝም፣ ብሩክታይት» አለ። ድምፁ ክፋት አልነበረውም። «ልቤ ገና ነው። ግን መጠየቅሽን ሰምቻለሁ።»

«እሺ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። ቀኑ ገና እኩሌታው ላይ ነበር። ብሩክታይት ክፍሏን ቆለፈችና፣ በዚያ ጎን በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ዕቃ ልትገዛ ካልሆነ ገብታ ወደማታውቀው ወደ አዚዛ መደብር ሄደች። አዚዛ ደብተር ስትደረድር ቀና ብላ አየቻትና ምን ልስጥሽ ልትል ስትል፣ ብሩክታይት ቀደመቻት። «ምንም አልፈልግም» አለች። «ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

አዚዛ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችላት።